በወይን በርሜል ያረጀ ጥቁር ቢራ፦ ኮመጠጠ ወይስ በሰለ?

ነገሩ የተጀመረው በክርክር ነው። ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ወደ ብራስልስ ጎራ ብዬ ነበር። እዚያ የሚኖረው ያክስቴ ልጅ (በዐሥር ዓመት ስለሚበልጠኝ «ወንድም ጋሼ» ነው የምለው) ዕድሜውን የፈጀው በቢራ ቤቶች ነው፤ ብርጭቆ ከማጠብ ተነሥቶ ዛሬ ለቤቱ ቢራ መርጦ የሚያስገዛ ሰው ሆኗል። በደረስኩ በሁለተኛው ቀን አንድ ጠርሙስ ከፍቶ እግሩ ረዘም ባለ ብርጭቆ ቀዳልኝና፣ «እስቲ ቅመሽና የተሰማሽን ሳትደብቂ ንገሪኝ» አለኝ። ቀለሙ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ ነው። ቀመስኩ። የተሰማኝንም ሳልደብቅ ነገርኩት።

«ኮምጥጧል።»

ሳቀብኝ። «አንቺ የጠላ ሻጭ ልጅ አይደለሽ እንዴ? ከኮምጥጧል ሌላ ቃል የለሽም?»

ነገሩ ከነከነኝ። እውነቱን ለመናገር ግን ቃሉ ብቻ ሳይሆን ጽሑፉም በልቤ ተጽፎ አልቆ ነበር። ፈረንጅ እኛ የምንደፋውን የኮመጠጠ ጠላ በጠርሙስ አሽጎ፣ ወርቅማ ወረቀት ለጥፎበት፣ በእናቴ የሳምንት ገቢ ይቸበችበዋል የሚል ጽሑፍ። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ አንባቢያንም ሳትሰለቹት አትቀሩም፤ ትንሽ ቁጭት፣ ትንሽ ኩራት፣ ጥቂት ዘለፋ ተቀላቅሎበት ለአንድ ገጽ ይበቃል። ያንን ጽሑፍ ሳልጽፈው የቀረሁት ጨዋ ስለሆንኩ አይደለም። በቀጣዮቹ ቀናት በወንድም ጋሼ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የቀመስኳቸው አምስት ቢራዎችና አንድ ጠላ አላስቻሉኝም።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው። ጥቁር ቢራ ሲባል እኛ አገር ቶሎ ትዝ የሚለን ጊነስ ነው፤ ወይም ከሐረር ቢራ ፋብሪካ የወጣው ሐኪም ስታውት። ጥቁረቱ የሚመጣው ከብቅሉ አቆላል ነው፤ አሻሮ ቆልቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። ጠማቂው ይህን ቢራ እንደ ማንኛውም ቢራ ጠምቆ ሲያበቃ በጠርሙስ አይሞላውም፤ ቀድሞ ወይን ጠጅ የነበረበትን የእንጨት በርሜል ገዝቶ እዚያ ውስጥ ያስተኛዋል። የቦርዶ ሰዎች የሚጠቀሙበት በርሜል 225 ሊትር ይይዛል፤ ኦክ ከሚባለው እንጨት ተጠርቦ፣ ውስጡ በእሳት ተለብልቦ የተሠራ ነው። ወይን ጠማቂው ጥቂት ዓመት ተጠቅሞበት የእንጨቱ ጣዕም ሲሟጠጥ ያወጣዋል። ቢራ ጠማቂው ግን ያንን አሮጌ በርሜል የሚፈልገው ለሦስት ነገር ነው። በእንጨቱ ውስጥ ጠልቆ ለቀረው ወይን፤ ለእንጨቱ የቀረች የቫኒላ መዓዛና አፍ የምታደርቅ ታኒን፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንጨት እንደ ብረትና እንደ ጠርሙስ ድፍን ስላልሆነ። ይተነፍሳል። እጅግ ጥቂት አየር ያስገባል፤ በዚያች አየር የሚኖሩ ፍጥረታትም አሉ።

ከነዚህ ፍጥረታት ዋነኛው ብሬታኖማይሰስ የሚባል እርሾ ነው። ስሙን ያወጣለት የካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ተመራማሪ የነበረው ኒልስ ክላውሰን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1904 ለሙያ ጓደኞቹ ሲያቀርበው «የእንግሊዝ ፈንገስ» እንደ ማለት አድርጎ ሰየመው፤ ያገኘው በጎተራ በሚያረጁት የእንግሊዝ ቢራዎች ውስጥ ነበርና። ወይን ጠማቂዎች ይህን እርሾ እንደ መቅሠፍት ይፈሩታል፤ ወይኑን የፈረስ ጋጣ፣ የኮርቻ ቆዳ ያስሸትተዋል። ቢራ ጠማቂው ግን ጠርቶ ያስገባዋል። መደበኛው እርሾ መብላት ያቃተውን ስኳር እያመነዠከ በወራት፣ ሲብስም በዓመታት ቢራውን ያደርቀዋል፤ ያ የጋጣ ሽታም ልክ ሲሆን ጥልቀት ይሰጠዋል። ከእርሱ ጋር የሚያኮመጥጡት ባክቴሪያዎች አሉ። ከነዚህ አንዱ፣ ፔዲዮኮከስ የሚባለው፣ በመሐል ቢራውን ልጋጋም ያደርገዋል፤ ሲቀዱት እንደ ተልባ ይሳባል። ጠማቂዎቹ ይህን ጊዜ «ቢራው ታመመ» ይላሉ። የታመመውን ቢራ ቀስ ብሎ የሚያድነው ያው ብሬታኖማይሰስ ነው። በስድስተኛው ወር የቀመሰው ሰው ያለ ጥርጥር ይደፋዋል፤ በዐሥራ ስምንተኛው ወር የቀመሰው ይሸጠዋል።

ይህን ወንድም ጋሼ ሲነግረኝ ብዕሬን አስቀምጬ ዝም አልኩ። ወደዚህ በኋላ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ «ኮምጥጧል» እንመለስ። እኛ ሐበሾች ኮምጣጣ አንወድም ማለት እንወዳለን። ውሸት ነው። በቀን ሦስት ጊዜ የምንበላው እንጀራ ኮምጣጣ ነው፤ አብሲት ሳይደርስለት የተጋገረን እንጀራ «አፍለኛ ነው» ብለን ፊታችንን የምናዞር ሕዝብ ነን። እርጎው፣ አይቡ፣ ቆጮው ሁሉ ኮምጣጣ ነው። እንግዲህ እርጎ ኮመጠጠ ስንል ደረሰ ማለታችን ነው፤ ጠላ ኮመጠጠ ስንል ደግሞ ተበላሸ ማለታችን ነው። አንድ ቃል ሁለት ተቃራኒ ፍርድ ተሸክሟል። ኬሚስቶቹ በቀላሉ ይለዩታል፤ የእርጎውና የእንጀራው ኮምጣጣነት ከላክቲክ አሲድ ነው፣ ለስለስ ያለ፣ ምላስ ላይ ተዘርግቶ የሚቀር። ሌላኛው ከአሴቲክ አሲድ ነው፤ የአቼቶ ኮምጣጣነት፣ ከምላስ አልፎ አፍንጫ የሚወጋ፣ ጉሮሮ የሚቧጥጥ። የመጀመሪያው አየር አይፈልግም፤ ሁለተኛው ያለ አየር አይሠራም። ቀማሽ ነኝ የሚል ሰው ብርጭቆውን ባነሣ ቁጥር መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «ኮምጣጣ ነው ወይ?» ሳይሆን «የእንጀራ ነው የአቼቶ?» የሚለውን ነው። ይህን ለማወቅ ፈረንጅ አገር መሄዴ ትንሽ ያሳፍረኛል።

ያ የመጀመሪያው ብርጭቆ የሮደንባክ ግራንድ ክሩ ነበር። ሮደንባክ ሩሰላረ በምትባል የምዕራብ ፍላንደርስ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1821 ጀምሮ የኖረ ቢራ ቤት ነው። በጥብቅ ከተናገርን የወይን በርሜል የለውም፤ ያለው ቁመቱ ከጣሪያ የሚደርስ፣ በአስር ሺህ የሚቆጠር ሊትር የሚይዝ 294 የኦክ ጎተራ ነው፤ አንዳንዱ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ያገለገለ። ዛሬ በየአገሩ ቢራቸውን በወይን በርሜል የሚያስረጁ ጠማቂዎች ሁሉ ግን የእርሱ ደቀ መዝሙሮች ናቸው። ከቤቱ ጠማቂዎች አንዱ የነበረው ፒተር ቡካርት እ.ኤ.አ. በ1996 ወደ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ተሻግሮ ኒው ቤልጂየም በሚባለው ቢራ ቤት ይህንኑ ጥበብ ሲጀምር ጎተራ ስላልነበረው በወይን በርሜል ነበር የጀመረው። አስታውሱልኝ፣ የሮደንባክ ምሥጢር ማስረጀቱ ብቻ አይደለም፤ መቀላቀሉ ነው። ግራንድ ክሩ ሁለት እጁ ሁለት ዓመት ያረጀ፣ አንድ እጁ ወጣት ቢራ ነው። አሮጌው ኮምጣጣነቱን፣ የቼሪ ፍሬ መዓዛውን፣ የእንጨቱን ድርቀት ያመጣል፤ ወጣቱ ጣፋጭነቱን። ለብቻቸው ቢቀርቡ ሁለቱም የሚጎድላቸው ነገር አለ።

ሁለተኛ ስቀምሰው የአቼቶዋን ጫፍ አገኘኋት፤ አለች፣ ግን ከበር ላይ ቆማለች እንጂ ቤቱን አልወረሰችም። ውስጡ የእርጎው ዓይነት ነው። ስለዚህ ቢራ ዓለም እንዲህ እንዲነጋገር ያደረገው ማይክል ጃክሰን ነው (ዘፋኙ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 2007 የኖረ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ነው፤ በስሙ የተነሣ ስንት ጊዜ እንደተሳቀበት እግዜር ይወቀው)። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው የዓለም ቢራ መጽሐፉ ቢራን በዓይነት በዓይነቱ ለይቶ ስም ሰጠው፤ የፍላንደርሱን ቀይ ቢራ ከቡርጎኝ ወይን ጋር እያነጻጸረ ጻፈ። ጠማቂ አልነበረም፤ እንደኔው ጋዜጠኛ ነው። ያደረገው ነገር ቢኖር ለሚቀምሰው ነገር ቃል መፈለግ ነበር። ቃል ሲገኝለት ደግሞ ገበያ የሸሸው ቢራ ሁሉ ጠያቂ ጎብኚ አገኘ። የሒስን ጥቅም ለሚጠራጠሩ ወዳጆቼ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ብርጭቆ ከአንድ ቤት ናቸው። ዲክስማይደ አጠገብ ኤሰን የምትባል መንደር ውስጥ «ደ ዶለ ብሮወርስ»፣ በእኛ ቋንቋ «እብዶቹ ጠማቂዎች» የሚባል ትንሽ ቢራ ቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ1980 ወንድማማቾች የመሠረቱት ሲሆን፣ ዋናው ክሪስ ሄርተሌር በሙያው አርክቴክት ነው፤ ሥዕልም ይሥላል። ለብዙ ዓመት ጎብኚ ተቀብለው ቢራ ቤቱን እያዞሩ የሚያሳዩት እናታቸው ነበሩ። የመጀመሪያ ቢራቸው ኡርቢር ይባላል፤ «ጥንተ ቢራ» እንደ ማለት። ጥቁር ነው፤ ግን ጥቁረቱ የከሰል አይደለም፤ የዘቢብና የተቃጠለ ስኳር ነው። እርሾውን ለብዙ ዓመት ከሮደንባክ ይወስዱ ነበር፤ ሮደንባክ እ.ኤ.አ. በ1998 ለፓልም ቢራ ፋብሪካ ከተሸጠ በኋላ ግን ያ በር ተዘጋባቸው። ይህንኑ ኡርቢር በቦርዶ በርሜል አስረጅተው ስፔሻል ሬዘርቫ ብለው ያወጡታል።

ወንድም ጋሼ ብልህ ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ቀዳልኝ። ሒስ ለመጻፍ የፈለገ ሰው እንዲህ ነው መቅመስ ያለበት፤ ጥሬውንና ያረጀውን አንድ ላይ፤ ረቂቁንና የታተመውን እንደ ማንበብ። ተራው ኡርቢር ጥሩ ቢራ ነው፤ ወፍራም፣ ሞቅ ያለ፣ ጨዋታ የሚወድ። ያረጀው ግን ሌላ ሰው ነው። መጀመሪያ አፍንጫ የሚቀበለው ወይኑ ነው። ቀጥሎ ቴምር፣ ቆዳ፣ ያረጀ መጽሐፍ፤ ከዚያ በስተመጨረሻ፣ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ያ የኡርቢር ዘቢብ ብቻውን ቀርቶ ይገኛል። ይህችን የመጨረሻ ነገር ነው የወደድኩት። በርሜሉ ብዙ ቢያወራም ቢራው ስሙን አልረሳም። ነቀፌታም አለኝ፤ አልኮሉ 13 በመቶ ይደርሳል፣ ጣፋጩና ኮምጣጣው ሁለቱም ድምፃቸው ከፍ ያለ ነው፣ ከግማሽ ብርጭቆ በላይ አልሄደልኝም። ከእራት በኋላ በትንሽ መለኪያ የሚጠጣ ነገር ነው፤ እንደ ቢራ ጥም ለመቁረጥ የሚሻው ሰው ይጣላዋል።

አራተኛውን ስሙን አልጠራም። ወንድም ጋሼም ሆነ ብሎ ነው የቀዳልኝ። ከሰል የመሰለ ስታውት ነው፤ በጠርሙሱ አንገት ወርቃማ ሰም ፈሶበታል፣ በወረቀቱ ላይ የበርሜሉ አገር፣ የወይኑ ዘር፣ የጠርሙሱ ተራ ቁጥር ሳይቀር ተጽፏል። ማንበቡ ከመጠጣቱ ረዥም ጊዜ ወሰደብኝ። ሲቀምሱት፣ የሻይ ጀበና ቂጥ ላይ ሎሚ እንደ መጭመቅ። ምክንያቱን ወንድም ጋሼ አስረዳኝ። እስኪከስል የተቆላ ብቅል መራራ ነው፤ ምሬትና ኮምጣጣነት ደግሞ በአንድ ብርጭቆ አይስማሙም። ሁለቱ ሲገናኙ ሁለቱም ይከራሉ። ለዚህ ነው የፍላንደርስ ሽማግሌዎች ቢራቸውን ወደ ቀይና ወደ ቡናማ እንጂ ወደ ከሰል ያልወሰዱት፤ የፈረንጅ ጌሾ ልንለው የምንችለውን ሆፕንም የሚቆጥቡት በዚሁ ምክንያት ነው። ይህኛው ጠማቂ ግን ጥቁር ቢራ ተፈላጊ ነው፣ የወይን በርሜልም ተፈላጊ ነው፣ ስለዚህ ሁለቱ ሲደመሩ የበለጠ ተፈላጊ ይሆናሉ ብሎ አሰበ። ይህን የመሰለ ልብወለድ እኛም አገር አንብበናል፤ ደራሲው የራሱ ታሪክ ሳይኖረው ከውጭ ያነበባቸውን የታላላቆቹን ዘዴ ሁሉ በአንድ ምዕራፍ የሚያራግፍበትን። በርሜል የሌለውን ነገር አይሰጥም። እንዲያውም ደካማን ቢራ ያራቁተዋል፤ ስኳሩ ተበልቶ ሲያልቅ የሚቀረው አጥንቱ ነውና፣ አጥንት ከሌለው ምንም አይቀርም።

አምስተኛው ከሩቅ የመጣ ነው። ከካሊፎርኒያ ለጉብኝት የመጣ ወዳጁ በሻንጣው ይዞለት ገብቷል፤ ራሺያን ሪቨር ከሚባለው የሳንታ ሮዛ ቢራ ቤት የወጣ፣ ኮንሴክሬሽን የሚባል። ጠማቂው ቪኒ ሲሉርዞ የወይን ጠማቂዎች ልጅ ነው፤ ወላጆቹ በደቡብ ካሊፎርኒያ ተሜኩላ ውስጥ ወይን በመትከል ከቀደሙት ናቸው። ልጁ ቢራ መረጠ፤ ነገር ግን ከበርሜል አልራቀም። ነጣ ያለውን ቢራ በሻርዶኔ በርሜል፣ ቡናማውን በፒኖ ኗር፣ ጥቁሩን በካበርኔ ሶቪኞን አስተኛቸው። ስማቸውንም እንደ ቅደም ተከተላቸው «ፈተና»፣ «ምልጃ»፣ «ቅዳሴ» ብንል ከእንግሊዝኛው አንርቅም። (የንስሐ አባቴ ይህን ገጽ ባያነቡት ደስ ይለኛል።)

ኮንሴክሬሽን ከሁሉም ይበልጥ ወይን ይመስላል። ከረንት የሚባል ጥቁር ትንሽ ፍሬ ተጨምሮበት በበርሜሉ ውስጥ ወራት ቆይቷል፤ አልኮሉ ወደ 10 በመቶ ነው። ታኒኑ ልክ እንደ ደረቅ ቀይ ወይን ድድ ይይዛል፤ ኮምጣጣነቱ ጥርት ያለ ነው፣ መሐሉ ላይ ያ የኮርቻ ሽታ እንደ ሩቅ ትዝታ መጥቶ ያልፋል። አረፋው ግን ቶሎ ሞተ። በጣም አደነቅሁት፤ አልወደድኩትም ልል ብዬ ተውኩት። ምናልባት ትክክለኛው ፍርድ ይህ ነው፤ የወይን ጠማቂ ልጅ ወደ አባቱ ቤት በጓሮ በር ሲመለስ የሚያሳይ ሥራ ነው። ዐይኔን ጨፍኜ ብጠጣው ቢራ ነው ብዬ አልምልም። ይህ ለጠማቂው ድል ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ከኤሰኖቹ እብዶች ጎን ነኝ፤ በመጨረሻ ላይ ዘቢቡ ብቻውን የሚቀርበትን እመርጣለሁ።

ጽሑፌ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። ነገር ግን የወንድም ጋሼ ባለቤት በዚያ ሰሞን ለፋሲካ የጠመቀችው ጠላ ነበራት። ጌሾው ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ብቅሉ እዚያው የተገዛ፣ የተጠመቀው በፕላስቲክ በርሜል። ወይራ ማጠን አልቻለችም፤ አንድ ጊዜ ሞክራ የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኾ ሕንፃው ሁሉ በሌሊት ልብስ ደረጃ ላይ ወጥቷል። «ይሄንንም ቅመሱት እንጂ፣ ለፈረንጅ ብቻ ነው እንዴ ምላሳችሁ?» ብላ በጆግ አቀረበችልን። ጠላው ስምንት ቀን ሆኖታል።

ከአምስቱ ቢራዎች በኋላ ያንን ጠላ የቀመስኩት በተስፋ ነበር። ሮደንባክን ላገኝበት ፈልጌአለሁ። አላገኘሁትም። ከአፌ ሳይደርስ አፍንጫዬን የወጋኝ አቼቶ ነው። ከአቼቶው ሥር የአሻሮው ቃጠሎ አለ፤ ከቃጠሎው ጋር የጌሾው ምሬት። ምሬትና ኮምጣጣነት። ያ ስሙን ያልጠራሁት ስታውት ነበር፣ ያለ ወርቃማው ሰም። ጠላ ያልተሳካለት ሮደንባክ አይደለም፤ የተለየ ሥራ ነው። ቆሎውና ጌሾው ሆን ተብሎ መራራ የተደረገው ቶሎ እንዲጠጣ ነው፤ ውበቱ በጉሹና ከጉሹ ቀጥሎ ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ ነው፤ የጋኑ ጭስ ገና ሳይለቀው፣ ኮምጣጣነቱ የእንጀራ ደረጃ ላይ ሳለ። ጋኑ በተከፈተ ቁጥር፣ ጣሳው በተጠለቀ ቁጥር አየር ይገባል፤ ከሳምንት በኋላ ማስቆየት ማብሰል አይደለም። ማስጠበቅ ብቻውን ጥበብ ቢሆን ኖሮ አቼቶ ሁሉ ግራንድ ክሩ በሆነ ነበር። «ፈረንጅ የእኛን ጠላ ሸጠልን» የሚለው ጽሑፌ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሞተ።

በእርሱ ፈንታ ሌላ ነገር ተነሣብኝ።

እናቴ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ጠላ ትሸጥ ነበር። በራችን ላይ እንጨት ተተክሎ ጣሳ ይደፋበታል፤ ትምህርት ቤት ጓደኞቼን እቤት የማላመጣውም በዚያ ጣሳ ምክንያት ነበር። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ልመዘገብ ሁለት ቀን ሲቀረኝ አንድ ሙሉ ጋን ኮመጠጠባት። የምዝገባዬ ገንዘብ ከዚያ ጋን ነበር የሚወጣው። ጎረቤቶች መጡ፤ «እትዬ፣ ከአዲሱ ቀላቅለሽ ሽጪው፣ ማን ያውቅብሻል?» አሏት። እናቴ በጣሳ ጠልቃ ቀመሰች፣ ተፋችው። ጋኑን አዘንብላ ወደ ቦዩ ደፋችው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። ለብዙ ዓመት ይቅር አላልኳትም፤ ምዝገባው በአንድ ዓመት ተላለፈብኝ።

አሁን ሳስበው ጎረቤቶቻችን የመከሩት የሩሰላረዎቹን ሥራ ነው፤ አሮጌውን ከወጣቱ ጋር መቀላቀል። ልዩነቱ ሩሰላረ ላይ አሮጌው ተመርጦ፣ ሁለት ዓመት ተጠብቆ፣ በየጊዜው ተቀምሶ ያረጀ ነው። የእኛው አሮጌ ያጋጠመን ነበር። እነርሱ የሚቀላቅሉት ለመሙላት ነው፤ ጎረቤቶቻችን ለመደበቅ። ደግሞ የታመመ ቢራ ዐሥራ ስምንት ወር አስተኝቶ ለመጠበቅ ጎተራ ብቻ አይበቃም፤ ዐሥራ ስምንት ወር የሚበላ ነገር ያስፈልጋል። እናቴ የነበራት ሁለት ቀን ነው። ይህን ወንድም ጋሼን ስነግረው ብርጭቆውን በእጁ እያዞረ ቆየና፣ «እኔ እኮ በዚህ ሁሉ ዘመን እዚህ ቢራ የደፋ ጠማቂ አላየሁም። ስም ያወጡለታል እንጂ» አለኝ።

በነጋታው እሑድ ነበር፤ ለእናቴ ደወልኩላት። ዛሬ ጠላ አትሸጥም፤ ጉልበቷ እምቢ ብሏል። ያን ቀን ጋኑን የደፋሽው እንዴት አውቀሽ ነው አልኳት።

«የቱን ቀን?»

ነገርኳት። አስታወሰች፤ የምዝገባዬን ነገር ግን አላነሣችውም።

«ሽታው ነዋ። ጣሳው አፌ ሳይደርስ አፍንጫዬ ነገረኝ። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ሊጠጣው?»

ስለ ቢራዎቹ ነገርኳት፤ ስለ ጎተራዎቹ፣ ስለ ሁለቱ ዓመት፣ ስለ ወይኑ በርሜል፣ ታሞ ስለሚድነው ቢራ። በጥሞና አዳመጠችኝ። ልጋጋም ይሆናል ስላት «ያው ሲበላሽ እንዲያ ያደርገዋል» አለች፤ መልሶ ይድናል ስላት ግን ዝም አለች። ጋኑን ማን ነው የሚያጥበው ብላ ጠየቀችኝ፤ የሚገባ ሰው እንዳለ ነገርኳት። ቀጥላ ዋጋውን ጠየቀችኝ። ወደ ብር መንዝሬ ነገርኳት።

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ከነጠርሙሱ ነው?» አለች በመጨረሻ።

«ከነጠርሙሱ ነው፣ እማዬ።»

«እንግዲያው ጠርሙሱን እንዳትጥይው። ይዘሽልኝ ነይ።»